ጠግባ ነው የምትመጣው

አንሶላ ለማጠፍ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ሁለቱ ሴቶች ጫፍና ጫፉን ይዘው ይወጥሩታል፤ ከዚያ እንደ ታረቁ ጎረቤቶች ፊት ለፊት ይቀራረባሉ፤ ጫፍ ከጫፍ አጋጥመው እንደገና ይለያያሉ። አጣፊዋ በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ይህን ስትሠራ ሁለት ዓመት ሞላት። በዚያ ክፍል ወሬ አይቋረጥም። እሷ ግን የአገሩን ቋንቋ ከምትናገረው ይልቅ የምትሰማው ስለሚበልጥ ዝም ብላ ታጥፋለች፤ ሌሎቹም ዝምታዋን አለመስማት አድርገው ስለሚቆጥሩት በፊቷ የማይባል ነገር የለም። የዚያን ዕለት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ መተኮሻ ማሽኑ ላይ የምትሠራው ሴትዮ የትራስ ልብስ እያስገባች፣ ድምፅዋን ከእንፋሎቱ በላይ ከፍ አድርጋ ለጓደኛዋ ታወራ ነበር።

«እህቴ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት አይደለች የምትሠራው? አንዲት ልጅ አለች አለችኝ። ደወል ሲደወል ሁሉም ወደ ምግብ አዳራሹ ሲሮጥ፣ እሷ ወደ ቧንቧው ትሄዳለች። ውሃ ትጠጣለች፣ ትጠጣለች፣ ከዚያ ግቢውን ስትዞር ትቆያለች።»

«እናት የላትም?»

«እናትማ አትጠፋም። ከነዚያ ከመጡት ናት።»

«ምግቡ በነፃ አይደለም እንዴ?»

«በነፃ ነው። ስሟ ዝርዝሩ ላይ የለማ! እህቴ አንድ ቀን አንጀቷ አልችል ብሏት ጠይቃት ነበር፤ ‹በልቻለሁ› አለቻት። ቀይ ሹራብ ነው የምትለብሰው አሉ፤ ክርኑ በአረንጓዴ ክር የተጣፈ።»

አጣፊዋ የያዘችውን ጫፍ ለቀቀች። መሬት የነካ አንሶላ እንደገና ይታጠባል፤ ረጅሟ ጓዷ በሌላው ጫፍ ቆማ «ምነው፣ ዛሬ እጅሽን የት አስቀምጠሽው መጣሽ?» ብላ ሳቀችባት። አረንጓዴውን ክር የሰፋችው እሷ ነበረች። ቀዩ አልቆባት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ፣ «ከሩቅ አይታይም» እያለች ልጇን በማባበል ነበር የጣፈችው። ከሩቅ ታየ።

ልጅቷን ቤት ውስጥ ድንቡሼ ይሏታል። ስትወለድ ጉንጯ ዓይኗን ሸፍኖት ስለነበር የወጣላት ስም ነው፤ አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ስሙ ዛሬም አለ፣ ጉንጩ ግን ሄዷል። እናትየው ይህን አላየችም አይባልም። አይታለች፤ ግን «እየረዘመች ነው» ብላ ነበር የተረጎመችው። ትምህርት ከተከፈተ ሰባት ሳምንት ሆኗል። በመጀመሪያው ሳምንት የምሳ ቅጽ ሲመጣ የእናትየው ታላቅ ወንድም፣ በቤቱ ውስጥ የአገሩን ፊደል አቀላጥፎ የሚያነብና የሚጽፍ እሱ ብቻ ስለሆነ፣ መነጽሩን ጠርጎ፣ ሁለቱን ብዕሮቹን አማርጦ ሞላው፤ «ጨርሻለሁ፣ ተልኳል» አላት። ከዚያን ቀን ወዲህ ለልጇ ዳቦ መቋጠር ተወች። ማታ ማታ «ዛሬ ምን በላችሁ?» ስትላት ልጅቷ ሳታመነታ ትመልስ ነበር፦ ሰኞ ሩዝና ዶሮ፤ ማክሰኞ ድንች በሥጋ፤ ረቡዕ መኮሮኒ። ባለፈው ሐሙስማ አማርራም ነበር፤ «አተሩን ቀቅለው ቀቅለው ገደሉት» ብላ። ሦስቱም ሳቁ። አጎቷ «የጠገበ ሰው እንዲህ ነው፣ እንከን ያወጣል» አላት።

ከክፍሉ ኃላፊ ፈቃድ ጠየቀች። «ማን ታመመ?» አለቻት ኃላፊዋ። «ልጄ» አለች፤ ይህን ስትል እየዋሸች እንዳልሆነ ገባት። የግማሽ ቀን ክፍያ እንደሚቆረጥባት ተነገራት። ሽርጧን ሰቅላ ወጣች።

ትምህርት ቤቱ ሁለት አውቶቡስ ያስለውጣል። ስትደርስ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር። በአጥሩ ብረቶች መሃል ግቢው ባዶውን ይታያል፤ ከአዳራሹ የማንኪያና የሳህን ድምፅ፣ የብዙ ልጆች ጫጫታ፣ የተጠበሰ ሽንኩርት ሽታ ይመጣል። በሩ ጎን፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ የሳምንቱ ምግብ ተለጥፏል። ፊደሉን አንድ በአንድ ስለምትለቅም በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ሰኞ፣ ሩዝና ዶሮ። ማክሰኞ፣ ድንች በሥጋ። ረቡዕ፣ መኮሮኒ። ሐሙስ፣ አተር። ልጇ ማታ ማታ ስትመግባት የኖረችው ይህንን ወረቀት ነበር። የአተሩ መሞት ብቻ ወረቀቱ ላይ የለም፤ እሱን አፋቸውን እየጠረጉ ከሚወጡት ልጆች ሰምታ ይሆናል።

ከዚያ ልጇን አየቻት። ግድግዳውን በመዳፏ እየዳበሰች ትሄዳለች፤ ጥግ ላይ ስትደርስ ትቆማለች፤ አንድ ጊዜ ትዘልና ትቀጥላለች። ጨዋታ ነው እንዳይባል የሚጫወት ሰው ፊት አልነበራትም፤ ሥራ እንደ ተሰጠው ሰው ነበረች። የሹራቧ እጅጌ እስከ ክርኗ ረጥቧል። እናትየው ልትጠራት አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ብትጠራት ልጅቷ እንደ ታየች ታውቃለች። ሰባት ሳምንት ሙሉ ብቻዋን የተሸከመችው ነገር በአንድ ጥሪ መሬት ይወድቃል፤ ለማንሳት ደግሞ እዚህ፣ በአጥር በኩል፣ እጅ አይደርስም። ፈቀቅ ብላ ከምሰሶው ጀርባ ቆመች። ቀዩ ሹራብ ጥጉን ሲዞር ወደ ቢሮው ገባች።

ጸሐፊዋ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ዕድሜዋ የገፋ ሴት ናት። ቢሮው ጠባብ ነው፤ መስኮቱ ላይ ውሃ የጠማው አበባ፣ ጥግ ላይ የሚፈላ ማንቆርቆሪያ አለ። «ይቀመጡ። ሻይ ልስጥዎት?» አለቻት። «ኧረ ይቅርብኝ፣ አመሰግናለሁ» አለች አጣፊዋ፤ ጉሮሮዋ ደርቆ ነበር። ጸሐፊዋ ለራሷ ብቻ ቀዳችና ተቀመጠች። አጣፊዋ የልጇን ስም ተናገረች፤ ለምን እንደ መጣች በተሰባበረ አነጋገር አስረዳች። ጸሐፊዋ መሳቢያ ስባ፣ አገላብጣ አንድ ወረቀት አወጣችና ፈገግ አለች።

«ይህንንማ አስታውሰዋለሁ። ማነው የጻፈው?»

«ወንድሜ።»

ወረቀቱን ወደ እሷ አዞረችላት። «ለልጅዎ የትምህርት ቤት ምሳ ይፈልጋሉ?» ይላል ጥያቄው። ከሥሩ ሁለት ትንንሽ ሣጥኖች አሉ፤ አንዱ «አዎ»፣ ሌላው «አይ»። ሁለቱም ባዶ ናቸው። ከሣጥኖቹ ግርጌ፣ በተለቀመና በተስተካከለ ጽሑፍ፣ ሦስት መስመር ሰፍሯል። ጸሐፊዋ ጮክ ብላ አነበበችላት፦ «ስላሰባችሁልን ከልብ እናመሰግናለን። ሥራችሁን ይባርክላችሁ። ልጃችን ጠግባ ነው የምትመጣው።»

«ከአራት መቶ ቅጽ ምስጋና የተጻፈበት ይህ ብቻ ነበር» አለች ጸሐፊዋ። «ለባልደረቦቼ ሁሉ አሳየኋቸው። ምን ዓይነት ጨዋ ቤተሰብ ነው ተባባልን።»

«እና ደግማችሁ አልጠየቃችሁም?»

«አይ ያለንን ሰው ደግመን አንጠይቅም። መጨቅጨቅ ይሆናል። ደንባችን ነው።»

አጣፊዋ ሦስቱን መስመሮች አየች። የወንድሟን እጅ ጽሑፍ ታውቀዋለች፤ ከዚህ በላይ አሳምሮ የጻፈው ነገር ትዝ አላላትም። ጸሐፊዋ አዲስ ቅጽ አወጣችና አስረዳቻት፦ ምዝገባው ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ይዘጋል፤ ካለፈ የሚከፈተው ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ የቀድሞውን መልስ መሻር የሚችለው የፈረመው ሰው ራሱ ነው። ከቅጹ መሃል የመኖሪያ ፈቃድ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ አለ። የአጣፊዋ ጣት እዚያ ላይ ሲቆም ጸሐፊዋ አየች፤ በብዕሯ ጫፍ ከሥሩ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ነካች። «ከሌለዎት ባዶ ይተዉት» ይላል። «ይህ ለመዝገብ ያህል ነው» አለች፤ «ለምሳው አይደለም።»

ወንድሟ የሚሠራው ከገበያ አዳራሹ ሥር ባለው የመኪና ማቆሚያ ነው። ለአንድ ሰው መቆሚያና መቀመጫ ብቻ በሚበቃ የመስታወት ጎጆ ውስጥ ይውላል፤ መኪና ሲመጣ ቁልፍ ይጫናል፣ የመግቢያው ብረት ይነሣል፣ ሲያልፍ ይወርዳል። በአውቶቡስ ውስጥ ሙሉውን መንገድ የምትናገረውን ስታሰናዳ ነበር። «ኩራትህን ምሳ አድርገህ አበላሃት» የሚል ነበረበት። «ቤትህ ብንጠለል ልጄን አልሸጥኩልህም» የሚልም ነበረበት። ቁልቁል የሚወስደውን መንገድ በእግሯ ስትወርድ ሌላኛው ጠባቂ ከሩቅ አያትና ወደ ጎጆው ጮኸ፦ «አለቃ! እህትህ መኪና ገዝታ ልታቆም መጣች መሰለኝ!»

ወንድሟ ስቆ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። መስኮቱን ከፈተ።

«ምን ሆናችሁ? ልጅቷ ደህና ናት?»

«ድንቡሼ ምሳ አትበላም፣ ጋሼ። ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ።»

«ምን ማለትሽ ነው? ማታ ማታ ትነግረን የለም እንዴ?»

«በሩ ላይ የተለጠፈውን አንብባ ነው።»

አንድ ነጭ መኪና መጥቶ ቆመ። ወንድሟ እጁ ቁልፉ ላይ ነበር፤ አልተጫነም። ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ፤ ደገመ። ብረቱ ተነሣ፤ መኪናው አለፈ፤ ብረቱ እንደ ተነሣ ቆየ። በመስኮቱ አዲሱን ቅጽ አቀበለችው። መነጽሩን አደረገ፤ ባዶዎቹን ሣጥኖች እስኪበቃው አያቸው። ስሙን ሊጽፍ ያለ እንጂ የተከሰሰ ሰው አይመስልም ነበር፤ ነገር ግን ጆሮዎቹ ቀልተዋል። ልጅ እያሉ እናታቸው ስትቆጣውም እንዲሁ ነበሩ።

«ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ነበረው» አለ በመጨረሻ። «ያንቺ ገና አልወጣም። ባዶ ትቼ፣ ከባዶው ሥር ‹አዎ፣ ስጡን› ማለት... እጄ እምቢ አለኝ።»

«ባዶ ይተዉት ይላል እኮ።»

«አንብቤዋለሁ።» ብዕሩን ከደረት ኪሱ አወጣ፤ ክዳኑን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ከዚያ ወደ ብረቱ እያየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሁለተኛ ይጠይቃሉ ብዬ ነበር» አለ።

ያሰናዳችው ንግግር ሁሉ እዚያው ቀረ። እነሱ ባደጉበት ቤት የመጀመሪያው ጥያቄ ሰላምታ ነው፤ ሁለተኛው ግብዣ ነው፤ ሦስተኛው «በሞቴ» ነው። እጅ የሚዘረጋው ከ«በሞቴ» በኋላ ነው። ሰው ቤት ሄዶ በመጀመሪያው ጥያቄ «እሺ» ያለ ልጅ ቤቱ ሲመለስ ጭኑ ላይ ቁንጥጫ ይጠብቀው ነበር፤ ሁለቱም ቀምሰውታል። ወንድሟ ለወረቀቱ የመለሰለት እንደሚጋብዝ ባለ ቤት ቆጥሮት ነው። መርቆ፣ አመስግኖ፣ «ጠግበናል» ብሎ፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ሁለተኛውን ጥያቄ ሲጠብቅ ሰባት ሳምንት አለፈ። ልትስቅበት አልቻለችም፤ ልትቆጣውም አልቻለችም። ከአንድ ሰዓት በፊት፣ ጉሮሮዋ ደርቆ፣ ማንቆርቆሪያው እየፈላ፣ እሷስ ምን ብላ ነበር?

«ሣጥኑ ውስጥ ምልክት አድርግ፣ ጋሼ። ‹አዎ› የሚለው ላይ።»

«ከሥሩ ምን ልጻፍ?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«ምንም። ፊርማህን ብቻ።»

ምልክቱን አደረገ። ያ ሁሉ ጽሑፍ ያማረለት እጅ ያሰመራት አንዲት ጭረት ከሣጥኑ ጥቂት ወጣች። ሌላ መኪና ከኋላዋ መጥቶ ጡሩምባ ሲነፋ፣ ወንድሟ በሕይወቷ ሰምታው በማታውቀው ድምፅ «ቆይ አንተ!» ብሎ ጮኸበት፤ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ እፍ ብሎበት፣ ቀለሙ መድረቁን አይቶ ሰጣት።

ዘጠኝ ሊሞላ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ደረሰች። ጸሐፊዋ ካፖርቷን ደርባ ነበር። ቅጹን ተቀብላ ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ማህተሟን ቀለም አስነክታ መታችበት፤ «ዛሬስ አላመሰገናችሁንም» አለች። አጣፊዋ ቀልድ ይሁን ወቀሳ ሳይገባት አንገቷን ዝቅ አደረገች። «ከነገ ጀምሮ ስሟ ዝርዝሩ ላይ አለ። አንድ ነገር ብቻ» አለች ጸሐፊዋ በሩን እየቆለፈች፤ «ሰልፉ ላይ ልጆቹን ‹ትበያለሽ? ትበላለህ?› ብለው ይጠይቋቸዋል። አልበላም ያለን አያስገድዱም። ይንገሯት።»

ቤታቸው አንድ ክፍል ነው። የወንድሟን አልጋ ከእነሱ አልጋ መጋረጃ ይለየዋል፤ ጠረጴዛው መስኮቱ ሥር ተጣጥፎ ይውልና ማታ ይዘረጋል። ሁለት መቀመጫ አለ፤ በአንዱ ወንድሟ፣ በአንዱ ልጅቷ ይቀመጣሉ። እሷ ምድጃው አጠገብ ቆማ ታሳልፋለች፤ ሁለት ሳህን ትሞላለች፣ ዳቦ ትቆርሳለች። አስቀድማ አንድ ጊዜ የምትለው አለ፤ «እኔ ሥራ ቦታ በልቻለሁ» ትላለች፤ ከዚያ ማንም አይጠይቃትም። ምሽቱ ገና መብራት የሚያስፈልገው አልነበረም። ልጅቷ ደብተሯን ሰብስባ ተቀመጠች። የሹራቧ እጅጌ ደርቋል። አጎቷ ጫማውን ሲያወልቅ እንደ ወትሮው አላቃሰተም፤ የልጅቷን ፊት ሳያይ ፀጉሯን በመዳፉ ዳሰሰና ተቀመጠ። እናትየው «ምን በላችሁ?» አላለችም። ልጅቷ ጥያቄውን ስትጠብቅ ቆየች፤ የቀኑን ምግብ አሰናድታው ነበር። ጥያቄው ሳይመጣ ሲቀር ዓይኗ ከአንዱ ወደ ሌላው ሄደ፤ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ሳይነገራት ገባት።

«ነገ ሰልፉ ላይ ትገቢያለሽ» አለች እናትየው። «ስምሽ ተጽፏል። ሴትዮዋ ‹ትበያለሽ?› ስትልሽ ምን ትያለሽ?»

«በልቻለሁ።»

«አይደለም። ‹አዎ፣ እበላለሁ› በይ።»

«በመጀመሪያው?»

«በመጀመሪያው።»

ልጅቷ ድምፅዋን አሳነሰች። «ነውር አይደለም?»

እናትየው ጭልፋውን አንሥታ ሾርባውን አማሰለች። ያስተማረቻት እሷ ናት፤ ሰው ቤት ሲሄዱ በር ላይ ጆሮዋ ውስጥ የምታንሾካሹክላት ይህንኑ ነበር። ወንድሟ ጉሮሮውን ጠረገ። ማንኪያውን አንሥቶ አስተካክሎ አስቀመጠው።

«ነውር አይደለም» አለ። «አጎትሽ ተሳስቶ ነው።»

ልጅቷ አጎቷን እስከዚያች ቀን አይታው በማታውቀው አስተያየት አየችው። ከዚያ ከመቀመጫዋ ወረደች፤ ከእናቷ እጅ ጭልፋውን ወሰደች፤ እንደ ትልቅ ሴት ወገቧን ይዛ አጎቷ ፊት ቆመች። አዳራሹ ውስጥ ገብታ አታውቅም፤ ምግብ የምታድለውን ሴትዮ አቋቋም ግን በመስኮት አጥንታዋለች።

«እርስዎ፣ ይበላሉ?»

«አዎ፣ እበላለሁ» አለ አጎቷ። ወደ ሳህኑ እያየ ነበር።

ቀዳችለት። አንዲት ጠብታ አላፈሰሰችም። ቀጥላ ራሷን ጠየቀች፤ ራሷ «አዎ፣ እበላለሁ» ብላ መለሰች፤ ለራሷም ቀዳች። ከዚያ ዞረች፤ ጭልፋውን እንደ ያዘች፣ ከእናቷ ፊት ቆመች።

«እርስዎስ?»

የቆየው ቃል ራሱ መጣ፤ የእናትየው ከንፈር ላይ ደርሶ ነበር። ልጅቷ ጠበቀች። ዓይኖቿ ከሰባት ሳምንት በላይ የሚያውቁት ነገር ነበር፤ ሁለት ሳህን ብቻ የሚቀርብበትን ጠረጴዛ፣ ምድጃው አጠገብ የሚቆመውን ሰው፣ አንድ ጊዜ ተብሎ የሚያልፈውን ቃል። «በልቻለሁ»ን ከማን እንደ ተማረችው እናትየው ያን ጊዜ አወቀች፤ ከበር ላይ ሹክሹክታ አልነበረም።

«አንድ ጊዜ ነው የምንጠይቀው» አለች ልጅቷ።

ወንድሟ ተነሣና መቀመጫውን ለቀቀላት፤ እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እበላለሁ» አለች እናትየው።

ሦስተኛው ሳህን መደርደሪያው ላይ፣ ከኋላ ነበር። ልጅቷ አወረደችው። አቧራ ስለ ነበረበት መጀመሪያ አጠበችው።